የመሰናዶው ዓመት፦ ከጅጅጋ እስከ ውጭ አገር የምህንድስና ትምህርት ቤቶች

የጅጅጋን ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጎበኝ መንገደኛ፣ በተለይም የካራማራን ተራራ አቋርጦ ከሐረር በኩል የመጣ እንደሆነ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የአሠራር ልዩነት ሳያስተውል አያልፍም። ሐረር በግንብ ተከባ፣ ጠባብና ጠመዝማዛ መተላለፊያዎቿን እንደያዘች የኖረች ጥንታዊት ከተማ ናት። ጅጅጋ ግን በሰፊ ሜዳ ላይ የተዘረጋች ስትሆን፣ የቀድሞው የመካከል ክፍሏ ቀጥ ብለው በሚሄዱና እርስ በርሳቸው በማዕዘን በሚተላለፉ መንገዶች የተከፈለ ነው። እንግሊዛዊው ተጓዥ ስዌይን በ1885 ዓ.ም. በዚያ ሲያልፍ ያገኘው፣ ከውኃ ጉድጓዶች አጠገብ የቆመ በአጥር የተከበበ ምሽግና ጥቂት ወታደሮችን ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሩብ ምዕተ ዓመት ሳይሞላ ከተማዪቱ በመስመር ተነድፋ ተቆረቆረች። ንድፉን ያወጡት በ1909 ዓ.ም. ገደማ የአካባቢው ገዥ የነበሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም መሆናቸውን፣ እሳቸው ራሳቸው ባቆዩልን የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ ገልጸዋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የከተማ አቆራቆርን ታሪክ ለመተረክ አይደለም። የንድፉ ባለቤት ሙያውን ያገኙት በባዕድ አገር፣ በባዕድ ቋንቋ መሆኑ ግን ለትምህርት ታሪክ ተመራማሪ አንድ ጥያቄ ያስነሣል። ይኸውም፦ አንድ ወጣት ከአገሩ ወጥቶ የምህንድስናን ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ምን መሰናዶ አደረገ? መሰናዶውንስ ማን፣ የት፣ በምን ቋንቋ ሰጠው? የሚለው ነው። የመሰናዶው ዓመት በብዙዎች ዘንድ ከዋናው ትምህርት በፊት እንዳለ የመቆያ ክፍል ይቆጠራል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ግን መሐንዲሱ የሚገኘውም ሆነ የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ክፍል ውስጥ ነው። ነገሩን ከጅጅጋና በስተሰሜን ካሉት የሶማሌ ከተሞች አቅጣጫ ስንመለከተው ደግሞ፣ ከአዲስ አበባ ሆነን ስናየው የማይታየን አንድ ሸክም ጎልቶ ይወጣል።

ተክለ ሐዋርያት በ1876 ዓ.ም. በሸዋ ተወልደው፣ በልጅነታቸው ሐረር በራስ መኰንን ዘንድ አደጉ። በ1888 ዓ.ም. ከዐድዋ ድል በኋላ ሊዮንቲየቭ የተባለው ሩሲያዊ ወደ አገሩ ይዟቸው ሲሄድ ዕድሜያቸው ከአሥራ ሁለት ዓመት የሚበልጥ አልነበረም። ያን ጊዜ ለውጭ አገር ተማሪ የተደራጀ የመሰናዶ ትምህርት ቤት በሩሲያ አልነበረም። ስለዚህ መሰናዶአቸው የተፈጸመው በሌላ መንገድ ነው፤ በሩሲያ ቤተሰብ መካከል ኖሩ፣ ቋንቋውን ከገበታና ከጨዋታ ለቀሙት፣ ከዚያም በአገሬው ልጆች ደረጃ ትምህርታቸውን ተከታተሉ። በመጨረሻም በሴንት ፒተርስበርግ ወደሚገኘው ሚካሂሎቭስኪ የመድፈኞች ትምህርት ቤት ገቡ።

ከዚህ ላይ የመድፈኛ ትምህርት ምን እንደነበረ ማስታወስ ይገባል። በዚያ ዘመን በአውሮፓ ጦር ውስጥ ከመሐንዲሱ ቀጥሎ ሒሳብን አጥብቆ የሚማር መኮንን መድፈኛው ነበር። ርቀትን መለካት፣ የአተኳኮስን ማዕዘን ማስላት፣ የመሬትን አቀማመጥ በወረቀት ላይ ማስፈር፣ ምሽግን መንደፍ የዕለት ሥራው ነው። ይህን ሁሉ በሩሲያኛ ለመቀበል የሚበቃ ተማሪ፣ የሩሲያኛን ንግግር ብቻ ሳይሆን የሩሲያኛን ሒሳብ ያወቀ መሆን አለበት። በጅጅጋ ሜዳ ላይ ገመድና ችካል የተዘረጋው ከዚያ ትምህርት በተገኘ እጅ ነው ማለት ከእርግጠኝነት ይልቅ የዚህ ጸሐፊ ግምት መሆኑን ላምን እወዳለሁ፤ ዳሩ ግን መሬትን በማዕዘንና በርቀት የማየት ልማድ ከመድፈኛ ትምህርት ቤት የወጣ ሰው የማይተወው ልማድ ነው። ተክለ ሐዋርያት በኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ማርቀቃቸው፣ የገንዘብ ሚኒስትር መሆናቸውና በጦርነቱ ዋዜማ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ስለ አገራቸው መቆማቸው በሰፊው የታወቀ ነው። የጅጅጋው ሥራቸው ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ የተዘነጋ ይመስላል።

የእሳቸው መሰናዶ የፈጀው ብዙ ዓመታትን፣ የጠየቀውም ሙሉ ልጅነትን ነው። ከቤተሰብ መለየትንም ጨምሮ ዋጋውን የከፈለው ልጁ ራሱ ነበር። አንድ ልጅ እንዲህ ሊዘጋጅ ይችላል፤ አንድ ትውልድ ግን አይችልም። የሃያኛው ምዕተ ዓመት የመሰናዶ ትምህርት ታሪክ በአጭሩ፣ ያን ረጅም የልጅነት ጊዜ ወደ አሥር ወር ለማሳጠር የተደረገ ሙከራ ታሪክ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

የጅጅጋ ተወላጅ የሆነው ልጅ በዚህ ሙከራ ውስጥ በምን ሁኔታ እንደገባ ለመረዳት፣ የፊደልን ጉዳይ ማንሣት ያስፈልጋል። የሶማሌ ልጅ የመጀመሪያ ትምህርት ቤቱ ዱግሲ ነው። በዚያ በእንጨት ሰሌዳው፣ በሎሁ ላይ፣ የዐረብኛን ፊደላት በከሰል ቀለም እየጻፈና እያጠበ ቁርዓንን ይቀራል። የዐረብኛን አናባቢ ምልክቶች በሶማልኛ ስም እየጠሩ የማስተማሩን ዘዴ ያወጡት፣ አው ባርኻድሌ በሚል ስም የሚታወቁት ሼክ ዩሱፍ አል ከውነይን መሆናቸው ይነገራል። ይህ እንግዲህ በመጀመሪያ ዕድሜው የሚገጥመው ጥሩ መሰናዶ ነው፤ ባዕዱን ፊደል በገዛ ቋንቋው አማካይነት ይለምዳልና። ከዚያ በኋላ የሚመጡት ፊደላት ግን እንዲህ ያለ አስታራቂ አላገኙም። በ1950ዎቹ ወይም በ1960ዎቹ በመንግሥት ትምህርት ቤት የገባው የጅጅጋ ልጅ፣ አማርኛ ከ1956 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ ሆኖ ስለነበር፣ የሒሳብን ስሌት በአማርኛና በግዕዝ ፊደል ይጀምራል። ሰባተኛ ክፍል ሲደርስ ሒሳቡም ሳይንሱም ወደ እንግሊዝኛና ወደ ላቲን ፊደል ይዞራል። ዕድል ቀንቶት ወደ ሶቪየት ኅብረት የተላከ እንደሆነ ደግሞ የሩሲያ ፊደል ይጠብቀዋል። አራት ፊደል፣ አምስት ቋንቋ! የአዲስ አበባው ጓደኛው በአንድ ፊደልና በሁለት ቋንቋ ያነሰ ሸክም ይዞ ያንኑ ፈተና ይቀመጣል፤ በውጤት መዝገብ ላይ ግን ሁለቱም የሚታዩት በአንድ ዓይነት ቁጥር ነው።

በዚህ ላይ የመንገዱ ርቀት አለ። ጅጅጋ በ1928 ዓ.ም. በጣሊያን ከተያዘች በኋላ፣ በ1933 ዓ.ም. መጋቢት ወር እንግሊዞች ገቡባት፤ ከኢትዮጵያ አስተዳደር ጋር የተቀላቀለችውም በ1941 ዓ.ም. መስከረም ነው። ሐውድና የተከለለው ቦታ ተብሎ የሚጠራው አገር ደግሞ እስከ 1947 ዓ.ም. የካቲት ድረስ በእንግሊዝ የጦር አስተዳደር ሥር ቆየ። የአገሪቱ ሌላው ክፍል ከነጻነት በኋላ ትምህርት ቤቶችን ሲያቋቁም በነበረባቸው ዓመታት ይህ አካባቢ ከዚያ ጥረት ውጭ ነበር ማለት ነው። የአውበሬ ልጅ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ወደ ሐረር ቢያስብ የሚጠብቀው በመቶ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ነው፤ ከድንበሩ ማዶ ቦረማ አጠገብ በእንግሊዞች ዘመን የተከፈተው የአሙድ ትምህርት ቤት ግን ለእሱ እንደ ጎረቤት ነበር። በምዕራብ በኩል በሽንሌ፣ በኤረር፣ በአይሻና በደወሌ የሚያልፈው የባቡር ሐዲድ ደግሞ የራሱ ቋንቋ ነበረው። ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ የሥራ ቋንቋው ፈረንሳይኛ ስለነበር በዚያ መስመር መካኒክነትን የተማረ ሰው ብሎኑንም ቫልቩንም በፈረንሳይኛ ይጠራው ነበር። ይህም ያልተጻፈ የመሰናዶ ትምህርት ነው፤ ነገር ግን ወደ ዩኒቨርሲቲ በር የሚያደርስ ምስክር ወረቀት አልነበረውም።

በአገር ውስጥ የከፍተኛ ትምህርት በር የተከፈተው በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲቋቋም ነው። የምህንድስና ኮሌጅ በ1945 ዓ.ም. ተከተለ፤ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ተከፈተ። ኢትዮጵያ ራሷ የውጭ አገር ተማሪ ተቀባይ መሆንዋም በዚሁ ዘመን ነው፤ በ1950 ዓ.ም. በአክራ በተደረገው የነጻ አፍሪካ መንግሥታት ጉባኤ ጊዜ ለአፍሪካውያን ወጣቶች የ200 ነጻ የትምህርት ዕድል ስጦታ ተነገረ፤ ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከታንጋኒካና ከሌሎችም አገሮች ወጣቶች መጡ። በኋላ የኬንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑት ሮበርት ኡኮ ከነዚህ አንዱ ነበሩ። እነዚህ እንግዶች ከእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ትምህርት ቤቶች የመጡ በመሆናቸው የማስተማሪያው ቋንቋ አላስቸገራቸውም። የሚገርመው፣ በዚያ የመጀመሪያ ዓመት ክፍል፣ በፍሬሽማን፣ በቋንቋ ረገድ ይበልጥ እንግዳ የነበረው ከናይሮቢ የመጣው ሳይሆን ከአገሪቱ ጠረፍ የመጣው ኢትዮጵያዊ ሊሆን መቻሉ ነው። የፍሬሽማኑ ዓመት በወረቀት ላይ መሰናዶ፣ በተግባር ግን ማጣሪያ ነበር። ያዘጋጀውን ያህል አሰናብቷል።

የተደራጀ የመሰናዶ ትምህርት ምን እንደሚመስል በግልጽ የታየው በምሥራቁ ዓለም ነው። በምሥራቅ ጀርመን በላይፕሲክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1956 የተቋቋመውና ከ1961 ወዲህ ሄርደር ኢንስቲቱት የተባለው ተቋም፣ በሶቪየት ኅብረትም በሞስኮ፣ በሌኒንግራድ፣ በኪየቭ፣ በሚንስክና በሌሎች ከተሞች የነበሩት የመሰናዶ ፋኩልቲዎች የዚህ ሥርዓት ዋና ምሳሌዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1960 በሞስኮ የተከፈተው የሕዝቦች ወዳጅነት ዩኒቨርሲቲም የራሱ የመሰናዶ ፋኩልቲ ነበረው። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ያለፉት በእነዚህ በሮች ነው።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነበር። ተማሪው ከበልግ መግቢያ ጀምሮ ለጥቂት ሳምንታት ድምፅን፣ ፊደልንና የዕለት ንግግርን ብቻ ይማራል። ክፍሉ ትንሽ ነው፤ ተማሪዎቹ ከተለያዩ አገሮች የተውጣጡ ስለሆኑ የጋራ ቋንቋቸው ያው ገና የሚማሩት ሩሲያኛ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና የቴክኒክ ንድፍ ይገባሉ። እነዚህ ትምህርቶች የሚሰጡት ተማሪው በአገሩ ያልተማረውን ለማስተማር አልነበረም፤ አብዛኛውን ያውቀዋል። የሚሰጡት የሚያውቀውን በሩሲያኛ እንደገና እንዲያውቀው ነው። ለዚህም የሳይንስ አነጋገር ስልት የሚባል ራሱን የቻለ የትምህርት ዓይነት ነበር። አንድ መጠን ከሌላው ጋር እኩል ነው፤ ቀጥታ መስመሩ በነጥቡ በኩል ያልፋል፤ ከዚህ የተነሣ እንዲህ ይሆናል፤ የሚሉትን አረፍተ ነገሮች ያለ ማወላወል እስኪላቸው ድረስ ይለማመዳቸዋል። መምህሩም የቋንቋና የሒሳብ መምህር ሆነው በየበኩላቸው የሚያስተምሩ ሁለት ሰዎች ሳይሆኑ፣ ቃላቱን ተመካክረው የሚያስገቡ ባልደረቦች ነበሩ። በዚህ ጸሐፊ ግምት ከመላው ሥርዓት የሚበልጠው ቁም ነገር ይህ ነው።

ለማያውቀው ሰው ሒሳብ በየትም አገር አንድ ነው። ክፍሉ ውስጥ ለተቀመጠው ግን አይደለም። በእንግሊዝኛ መጽሐፍ የተማረ ልጅ የታንጀንትን ምልክት በሦስት ፊደል ይጽፋል፤ በሩሲያ መጽሐፍ ሁለት ፊደል ሆኖ ያገኘዋል። ሙሉውን ቁጥር ከክፍልፋዩ የሚለየው ነጥብ ወደ ነጠላ ሰረዝ ይለወጥበታል። የማካፈል ስሌት ሲጻፍ አካፋዩ ከግራ ወደ ቀኝ ይዛወራል። በንድፍ ሥራ ደግሞ የባሰ አለ፤ በአሜሪካኑ ዘዴ ዕቃው ከላይ ሲታይ ያለው ገጽታ ከፊተኛው ገጽታ በላይ ሲነደፍ፣ በአውሮፓውና በሩሲያው ዘዴ ከበታቹ ይነደፋል። አንዱን ለምዶ ሌላውን ያላወቀ ነዳፊ የሠራው ሥዕል መስመሩ ሁሉ ትክክል ሆኖ ሳለ፣ ከሥዕሉ የሚወጣው የማሽን አካል የተገለበጠ ይሆናል። እንዲህ ያለው ስሕተት የዕውቀት ማነስ ሳይሆን የልማድ ግጭት ነው፤ የሚታረመውም በመሰናዶው ዓመት ብቻ ነው። በዋናው ትምህርት ጊዜ ፕሮፌሰሩ ሊያርመው ጊዜ የለውም፤ ዝቅተኛ ውጤት ሰጥቶት ያልፋል።

በጀርመን አገር ለጅጅጋው ተማሪ አንድ ያልታሰበ እፎይታ ይገጥመው ነበር። ጀርመንኛ ሃያ አንድን ሲጠራ አንዱን አስቀድሞ ሃያውን ያስከትላል፤ አንድና ሃያ እንደማለት። ይህ የቁጥር አጠራር ለእንግሊዝኛ ተናጋሪውም ለአማርኛ ተናጋሪውም የታወቀ መሰናክል ነው፤ መምህሩ ቁጥር ሲጠራ አሥሩንና አንዱን እያቀያየሩ ይጽፋሉ። የሶማልኛ ተናጋሪ ግን በገዛ ቋንቋው ኮው ኢዮ ላባታን ስለሚል፣ ይኸውም ያው አንድና ሃያ ነውና፣ ጀርመንኛው ከአፉ እንደ ወጣ ይቀናዋል። በአማርኛና በእንግሊዝኛ ሲማር ያስቸገረው ነገር በሦስተኛው ቋንቋ ሀብት ሆነለት ማለት ነው። ይህን የመሰለው ነገር በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ የማይገኘው፣ ስለ ተማሪው የመጀመሪያ ቋንቋ የጠየቀ ባለመኖሩ ይመስለኛል።

የኮምፒዩተር ትምህርት በዚህ ታሪክ ውስጥ የገባው ዘግይቶ ነው። በሶቪየት ኅብረት የኢንፎርማቲክስ መሠረቶች የሚባለው ትምህርት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በግድ እንዲሰጥ የተወሰነው እ.ኤ.አ. በ1985 ሲሆን፣ የሐሳቡ ዋና አራማጅ የሳይንስ አካዳሚው አባል አንድሬይ የርሾቭ ነበሩ። በመሰናዶ ፋኩልቲዎችም ከዚያ ወዲህ ተከተለ። መኪናው በየትምህርት ቤቱ ስላልነበረ ትምህርቱ በብዙ ስፍራ ያለ ኮምፒዩተር፣ በጥቁር ሰሌዳና በደብተር ይሰጥ ነበር፤ ለዚህም ትእዛዞቹ ሁሉ በሩሲያኛ ቃላት የተሠሩ የአልጎሪዝም መጻፊያ ቋንቋ ተዘጋጀ። ዛሬ በዚህ የሚሥቅ አለ። ነገር ግን ሐሳቡ በጥልቀት ሲመረመር የሚናቅ አይደለም። ልጁ አስቀድሞ የሥራን ቅደም ተከተል፣ ሁኔታን መለየትንና ድግግሞሽን በሚገባው ቋንቋ እንዲያስብ፣ መኪናውን በኋላ እንዲያገኝ ያደርጋል። ችግሩ ቋንቋው ለሩሲያው ልጅ የሚገባ ሆኖ ለኢትዮጵያዊው አዲስ መሆኑ ነበር፤ አገሩም ሲመለስ በእንግሊዝኛ ትእዛዝ የሚሠሩ መኪናዎችን አገኘ።

በጅጅጋ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት የትምህርቱን ሥራ ያቋረጠ ነገር መጥቷል። በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ከተማዪቱ በ1970 ዓ.ም. መስከረም መጀመሪያ ላይ በጠላት ጦር ተይዛ፣ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ከካራማራ ውጊያ በኋላ ተመልሳ ተያዘች። በዚያ ዓመት ስለ መሰናዶ ትምህርት ማንሣት ከንቱ ነው፤ ሕዝቡ ተሰዶ፣ ቤቱ ፈርሶ ነበር። በጦርነቱ ወላጆቻቸውን ያጡትን ጨምሮ ብዙ ሕፃናት ከ1971 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ወደ ኩባ፣ የወጣቶች ደሴት ወደምትባለው ስፍራ ተላኩ። በዚያም ግማሹን ቀን በብርቱካንና በሎሚ እርሻ፣ ግማሹን በክፍል እያሳለፉ በስፓንኛ ተማሩ፤ አማርኛንና የአገራቸውን ታሪክ የሚያስተምሩ ኢትዮጵያውያን መምህራንም አብረዋቸው ነበሩ። ከነዚያ ልጆች መካከል ወደ ቴክኒክ ተቋማትና ወደ ዩኒቨርሲቲ የዘለቁ አሉ። የተክለ ሐዋርያት ዓይነት መሰናዶ፣ በልጅነት ከአገር ወጥቶ በቋንቋው ውስጥ ማደግ፣ በሰማንያ ዓመቱ እንደገና ተደገመ፤ ይህ ጊዜ ግን በአንድ ልጅ ሳይሆን በሺዎች ላይ ነው። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ከነሱ ብዙዎቹ ከሁለት አገር መካከል ቀሩ።

በአገር ውስጥ ስለ ቋንቋው የተደረገው ለውጥ ከዚህ ይበልጥ ዘላቂ ነው። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሶማልኛን ከማስተማሪያ ቋንቋዎች አንዱ አድርጎ በግዕዝ ፊደል አሳተመ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ አንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ፈቀደ፤ በሶማሌ ክልል ትምህርቱ በላቲን ፊደል በሚጻፍ ሶማልኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ይሰጥ ጀመር። በ1999 ዓ.ም. ለትምህርት ሚኒስቴር የቀረበ የማስተማሪያ ቋንቋ ጥናት፣ ረዘም ላሉ ዓመታት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩ ልጆች በሒሳብና በሳይንስ የተሻለ ውጤት እንደሚያሳዩ አረጋግጧል። እንግዲህ የጅጅጋው ልጅ ሸክም ከሥር ቀለለ። ከላይ ግን፣ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ፣ ሁሉም ነገር በአንድ ቀን ወደ እንግሊዝኛ ይገለበጣል። በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተተከለው፣ በብዙዎች ዘንድ ፕላዝማ የተባለው የሳተላይት ትምህርት ይህን ገደል የባሰ ሰፊ አደረገው። በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀውን የእንግሊዝኛ ትምህርት ልጁ ሊያስቆመውም ሊጠይቀውም አይችልም፤ መምህሩም እንደ ተማሪው ቆሞ ያዳምጣል። ሞስኮ ላይ የቋንቋውና የሒሳቡ መምህራን ተመካክረው በሳምንታት የሚያሻግሩትን ድልድይ፣ እዚህ በቴሌቪዥን ለመዝለል ተሞከረ።

ያው ፖሊሲ 11ኛንና 12ኛን ክፍል መሰናዶ ብሎ ሰይሞ፣ የፍሬሽማኑን ዓመት ወደ ሁለተኛ ደረጃ አወረደ። በተፈጥሮ ሳይንስ ዘርፍ ቴክኒካል ድሮዊንግ ተካትቶ ነበር፤ በዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ግን አልገባም። የማይፈተን ትምህርት በየትምህርት ቤቱ ምን ዕጣ እንደሚደርሰው ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማስረዳት አያሻም። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ፍሬሽማን ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተመለሰ። የ2014 ዓ.ም. ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ሲሰጥ፣ ከተፈተኑት ከ896 ሺህ በላይ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ፤ በዚህም ምክንያት ሪሜዲያል የተባለ የአቅም ማሻሻያ መርሐ ግብር ተከፈተ። ስሙ ሲለዋወጥ የኖረው የመሰናዶ ዓመት በዚህ ጊዜ ሌላ ስም አገኘ።

የውጭዎቹም በሮች አልተዘጉም። በዛሬይቱ ጀርመን ከብዙ አገሮች የሚመጣ ተማሪ፣ የትምህርት ማስረጃው በቀጥታ የማያስገባው እንደሆነ፣ ሽቱዲየንኮሌግ በሚባለው ተቋም ለምህንድስና በተለየው ክፍል ጀርመንኛን፣ ሒሳብንና ፊዚክስን ተምሮ የማረጋገጫ ፈተና ይወስዳል። ከ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ በሽንሌና በአይሻ ምድር የሚያልፈው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ደግሞ የቀድሞውን ፈረንሳይኛ በቻይንኛ ተካ፤ የመስመሩ ባለሙያዎች ወደ ቻይና እየሄዱ ሠለጠኑ።

ጅጅጋ የራስዋን ዩኒቨርሲቲ ያገኘችው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዛሬ የምህንድስናና የኮምፒዩተር ትምህርት በዚያው ይሰጣል። ንድፏን ያወጡት ሰው ሙያቸውን ፍለጋ እስከ ኔቫ ወንዝ ከሄዱ ከአንድ መቶ አሥር ዓመታት በኋላ ነው። ከዩኒቨርሲቲው በስተደቡብ ምሥራቅ በቀብሪበያህ በ1983 ዓ.ም.፣ በሰሜን በኩልም በአውበሬ በ1999 ዓ.ም. እንዲሁም በሸደር በ2000 ዓ.ም. የተከፈቱት የስደተኞች መጠለያዎች ይገኛሉ። በዚያ የተወለደ የሶማሊያ ልጅ በኢትዮጵያ ሥርዓተ ትምህርት ይማራል፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 ትምህርት የማግኘት መብቱን አጽንቶለታል፤ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በጀርመን መንግሥት ድጋፍ ለስደተኞች የሚሰጠው ዳፊ የተባለው የነጻ ትምህርት ዕድልም ከኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ሊያደርሰው ይችላል። ይህ ልጅ በሕግ የውጭ አገር ተማሪ ነው። በቋንቋ ግን ከጅጅጋው ልጅ በምንም አይለይም፤ ዘጠነኛ ክፍል ላይ የሚጠብቃቸው ገደል አንድ ነው።

የተማሪዎች ምደባ በመላው አገር የሚደረግ በመሆኑ፣ ለዩኒቨርሲቲው የሚመደቡት ከጎንደር፣ ከወለጋ፣ ከወላይታም ይመጣሉ። ካራማራን በአውቶቡስ ተሻግረው፣ በ1909 ዓ.ም. ገደማ በተተለሙት መንገዶች ወደ ገበያ ይወርዳሉ። በመጀመሪያው ሰሞን ዋጋ ሲጠይቁ፣ ነጋዴዋ ሃያውን ከአንዱ ኋላ አስከትላ ስትነግራቸው፣ ብዙዎቹ ቁጥሩን ገልብጠው ይሰሙና ተጨማሪ ብር ከኪሳቸው ያወጣሉ። እስዋም እየሣቀች ትመልስላቸዋለች።